ከድምፃዊው ጀርባ ያለው ጊታር፦ ምን ይነበብ፣ ምን ይታይ፣ ምን ይደመጥ?

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ፉለርተን በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ሬድዮ ጠጋኝ ነው። የአካባቢው የዳንስ ሙዚቀኞች ማጉያቸው ሲበላሽ ወደ እሱ ሱቅ ይመጣሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም ያማርራሉ። ጊታሩ በታምቡርና በነፋስ መሣሪያ መሃል አይሰማም፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ባዶው የጊታር ሆድ ውስጥ እየገባ ይጮኽባቸዋል። ሰውየው አዳምጦ ይሠራል። የሠራውን ለነዚያው ሙዚቀኞች ሰጥቶ ምሽት ቤት እንዲሞክሩት ያደርጋል፤ ያልጣማቸውን ነገር ሲነግሩት ደግሞ አፍርሶ ይሠራዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆድ የሌለው፣ ከድፍን እንጨት የተቆረጠ ጊታር ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ቴሌካስተር የምንለው እሱን ነው። በ1954 ስትራቶካስተር ተከተለ።

በሌላ ወገን ሌስ ፖል አለ። ይህኛው ግን ስሙ የገነነ ጊታሪስት ነው፤ በ1940 አካባቢ በአንድ ድፍን የእንጨት ምሰሶ ላይ ክር ወጥሮ ሐሳቡን ሞክሮታል። ጊብሰን ኩባንያ መጀመሪያ ላይ ከቁብ አልቆጠረውም። የፌንደር ጊታር ገበያ ሲይዝ ግን በ1952 በሌስ ፖል ስም የራሱን ይዞ ብቅ አለ። የኢያን ፖርት መጽሐፍ «ዘ በርዝ ኦፍ ላውድ» (2019) የነዚህን ሁለት ሰዎች ፉክክር ይተርካል። ለኤሌክትሪክ ጊታር ወዳጅ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። ታሪኩ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል፤ ያም ሆኖ አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ አንድ ነገር ይዞ ይነሣል፦ ያ ሁላችንም የምናውቀው ድምፅ ከሙዚቀኛ እሮሮ፣ ከሽቦና ከእንጨት እንዴት እንደወጣ።

ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተጻፈውና በፊልም የተቀረጸው ማለቂያ የለውም። አብዛኛው ግን የጀግና ገድል ነው። ጀግናው በድህነት ያድጋል፣ ጊታር ያገኛል፣ ዓለምን ያስደንቃል፣ በመጠጥ ወይም በዕፅ ይወድቃል፤ ከዚያ ወይ ይነሣል ወይ ይሞታል። ይህን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ብዙ ስም ያውቃል፤ ጆሮው ግን የነበረበት ነው። እኔ የምመርጣቸው ሌላ ዓይነት ናቸው፦ ድምፁ እንዴት እንደተሠራ የሚነግሩ፣ ጊታሪስቱ ከሌሎች ጋር ሲጫወት ምን እንደሚያደርግ የሚያሳዩ። ጊታር ከዕድሜው አብዛኛውን የሚያሳልፈው ከድምፃዊው ጀርባ ነውና። የኛን ሙዚቃ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኛ ሸክላዎችና ካሴቶች ላይ ጊታሩ ሁልጊዜ አለ፣ የጊታሪስቱን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት መሣሪያው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልበል። ከክሮቹ ሥር ፒካፕ የሚባል ነገር ተገጥሟል፤ ማግኔት ነው፣ በላዩ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች በሚቆጠር ዙር የተጠመጠመበት። የብረት ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ ሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ማጉያው ይህን ሞገድ ያገዝፈዋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ማጉያው ግማሽ መሣሪያ ነው። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ይረዝማል። ይህ ሻካራነት ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ቋንቋ የሆነበት ታሪክ ከሁሉም ታሪኮች ይጥመኛል። በ1951 «ሮኬት 88» የተባለውን ዘፈን ሊቀርጹ ወደ ሜምፊስ የተጓዙት ሙዚቀኞች ማጉያቸው መንገድ ላይ ተጎዳባቸው። ቀራጩ ሳም ፊሊፕስ የተቀደደው ድምፅ ማውጫ ላይ ወረቀት ጠቅጥቆ ቀረጻቸው፤ ድምፁ እየተንኮሻኮሸ ወጣ፣ ተወደደም። በ1958 ደግሞ ሊንክ ሬይ የማጉያውን ድምፅ ማውጫ ሆን ብሎ በስቶ «ረምብል» የተባለውን ቅንብር ተጫወተ። አንዲት የግጥም ቃል የሌለበት ይህ ሙዚቃ በአንዳንድ የአሜሪካ ጣቢያዎች እንዳይተላለፍ ተከለከለ። ቃል ሳይኖረው ጊታሩ ብቻውን ጠብ ያስነሣል ተብሎ ተፈራ።

ይህን ዓይነቱን ታሪክ በስፋት ለሚፈልግ የብራድ ቶሊንስኪና የአላን ዲ ፔርና «ፕሌይ ኢት ላውድ» (2016) አለለት። ከ1930ዎቹ የሪከንባከር ጊታር ተነሥቶ እስከ ዛሬ ይዘልቃል፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ከየትም ገብቶ ማንበብ ይቻላል። የስቲቭ ዋክስማን «ኢንስትሩመንትስ ኦፍ ዲዛየር» (1999) የምሁር መጽሐፍ ነው፤ ይከብዳል። ያም ሆኖ ጥቁሩ ሙዚቀኛ በሠራው ድምፅ ነጩ እንዴት እንደነገሠበት ሳይሸፋፍን ስለሚጠይቅ ጥርስ ነክሶ መጨረስ ያዋጣል። ሥሩን ለሚፈልግ ደግሞ የሮበርት ፓልመር «ዲፕ ብሉዝ» (1981) አለ፤ ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻዎች ተነሥቶ ባቡር ተሳፍረው ወደ ሺካጎ የሄዱትን ሰዎች ይከተላል። ከተማው ጫጫታ ስለሆነ ጊታራቸውን ኤሌክትሪክ ላይ ሰኩት፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው፣ እንዲህም ትልቅ ነው።

ከሙዚቀኞች ግለ ታሪክ የኪት ሪቻርድስ «ላይፍ» (2010) ይሻላል። ስለ ዕፅና ስለ ፖሊስ የሚያወራውን ክፍል መዝለል ይቻላል፤ የማይዘለለው ጊታሩን እንዴት እንደቃኘ የሚተርክበት ነው። ወፍራሙን 6ኛ ክር አውልቆ ጣለ፤ የቀሩትን 5 ክሮች ሳይነኩ ሲመቱ ሙሉ ኮርድ እንዲሰጡ አድርጎ ቃኛቸው። ከዚያ በኋላ የሮሊንግ ስቶንስ ብዙ ዘፈኖች ከዚህ ቅኝት ወጡ። ክራር የሚደረድር ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለኛ ሙዚቀኛ መሣሪያን ለዘፈኑ ብሎ መልሶ መቃኘት ከጥንት የነበረ ነገር ነው።

ሌላ አንድ መጽሐፍ አለ፤ በኛ አካባቢ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለኛ አንባቢ ግን ከሁሉም ይቀርባል። ባኒንግ ኤር የተባለ አሜሪካዊ ጊታሪስት ማሊ ሄዶ ባማኮ ውስጥ ለ7 ወራት በጄሊማዲ ቱንካራ ቤት ተቀመጠ። ጄሊማዲ የሱፐር ሬይል ባንድ ጊታሪስት ነው፤ ዘሩም የሙዚቀኝነት ሙያ በውርስ ከሚተላለፍበት የግሪዮ ቤተሰብ ነው። ኤር በ2000 ያሳተመው «ኢን ግሪዮ ታይም» አንድ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ከሠርግ፣ ክርስትናን ከሚመስል የስም ማውጫ ድግስ፣ ከገንዘብና ከዘመድ ጋር እንዴት እንደሚኖር ያሳያል። ጄሊማዲ በጊታሩ የሚጫወተው አንጎኒ በተባለው የጥንት ባለ ክር መሣሪያ ላይ አያቶቹ ይጫወቱት የነበረውን ነው፤ እንጨቱ ተለወጠ፣ ጣቱ የሚሄድበት መንገድ ግን ያው ነው። መምህሩ «እንዲህ አድርግ» ብሎ አያስረዳም፤ ይጫወታል፣ ተማሪው ይከተላል፣ ሲሳሳት መምህሩ ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ከአባቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ማሲንቆ የተማረ ሰው ይህን ቤት ያውቀዋል።

መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ለብዙ አንባቢ እንቅፋት ነው። ፊልም ግን ያን ያህል ቋንቋ አይጠይቅም፤ እጅ ይታያል፣ ድምፅ ይሰማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቁመው የዴቪስ ጉገንሃይም ዘጋቢ ፊልም «ኢት ማይት ጌት ላውድ» (2008) ነው፤ ጊታሪስቶቹን ጂሚ ፔጅን፣ ዘ ኤጅን እና ጃክ ዋይትን አንድ ላይ ያገናኛል። ገና ሲጀምር ጃክ ዋይት በገጠር ቤት ደጃፍ፣ ላሞች አጠገቡ እየጋጡ፣ ሣንቃ ላይ ሚስማር መትቶ፣ አንድ ሽቦ ወጥሮ፣ ከሥሩ ጠርሙስ ወትፎ፣ ፒካፕ ገጥሞ ጊታር ይሠራል። ሰክቶ ሲያንኳኳው ይጮኻል። ከፍ ብዬ ያስረዳሁት ሁሉ እዚያች ሣንቃ ላይ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ዘ ኤጅ አንድ ግዙፍ የሚመስል ሐረግ ይጫወትና ኤፌክቱን አጥፍቶ ይደግመዋል፤ የቀረችው ጥቂት ድምፅ ናት። ሰውየው ምስጢሩን ራሱ ገልጦ ያሳያል፤ ይህን ያህል ቅንነት በጊታሪስቶች ዘንድ ብዙ አይገኝም። ሦስቱ አብረው የሚጫወቱበት መጨረሻው ክፍል ግን የተባለለትን ያህል አይደለም፤ እርስ በርስ የተዋወቁ አይመስሉም።

አብሮ መጫወት ምን እንደሆነ ለማየት የማርቲን ስኮርሰሴ «ዘ ላስት ዋልትዝ» (1978) ይሻላል። ዘ ባንድ የተባለው ቡድን በ1976 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ያቀረበው የስንብት ዝግጅት ነው። ኤሪክ ክላፕተን መድረክ ላይ ወጥቶ ሶሎ ሲጀምር የጊታሩ ማንገቻ ከጫፉ ይወልቃል፤ ጊታሩ ሊወድቅ ሲል በእጁ ይይዘዋል። የቡድኑ ጊታሪስት ሮቢ ሮበርትሰን ቀና ብሎ ያያል፤ ምትም ሳይስት፣ ፊቱም ሳይለዋወጥ ሶሎውን ከአየር ላይ ይቀበለዋል። ሐረጉ ሳይቆረጥ ይቀጥላል። ጀማሪ ጊታሪስት ይህቺን ቦታ ደጋግሞ ቢያይ ብዙ ትምህርት ቤት የማያስተምረውን ያገኛል፦ ሮበርትሰን ያን ማድረግ የቻለው ተራው ባልሆነበት ሰዓት ሲያዳምጥ ስለነበረ ነው።

የጆናታን ዴሚ «ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ» (1984) ስለ ጊታር የተሠራ ፊልም አይደለም፤ የቶኪንግ ሄድስ ኮንሰርት ነው። የምጠቁመው በአጀማመሩ ምክንያት ነው። ዴቪድ በርን ባዶ መድረክ ላይ ብቻውን ጊታር ይዞ ይወጣል፤ በቀጣዩ ዘፈን ቤዝ ይጨመራል፣ ከዚያ ከበሮ፣ ከዚያ ሌላ ጊታር፣ ከዚያ ሌላ። ሙዚቃው ዓይናችን እያየ ይገነባል። ሁለት ጊታሮች አንዱ የሌላውን ቦታ ሳይረግጡ እንዴት እንደሚኖሩ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ፊልም አላውቅም። የሞንተሬይ ፌስቲቫልን የሚያሳየው የፔኔቤከር ፊልም (1968) ደግሞ ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታሩን ሲያቃጥል የሚታይበት ነው፤ እሳቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ እኔ ግን ከእሳቱ በፊት ያለውን አጨዋወት እዩ እላለሁ።

ሲስተር ሮዜታ ታርፕን ያላየ ሰው የሮክ ጊታር ታሪክን ከመሃሉ ነው የጀመረው። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪት ናት፤ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መዝሙሯን በሸክላ አስቀርጻለች፤ በኋላም ጊታሯን በማጉያ እየተጫወተች፣ ለወንዶቹ የሮክ ጀግኖች መንገዱን የጠረገች። በ1964 ማንቸስተር ውስጥ አገልግሎት ባቆመ የባቡር ጣቢያ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀርጿታል። ተመልካቹ በአንዱ የባቡር መሳፈሪያ ላይ ተቀምጧል፤ እሷ በማዶው፣ ካፖርት ለብሳ፣ ነጭ ጊብሰን አንግታ ትዘምራለች። ዝናብ ስለነበረ የመረጠችው መዝሙር ስለ ዝናብ ነው። ጊታሩ እጇ ውስጥ እንዴት ቀላል እንደሆነ፣ ሶሎዋን ስትጫወት ክንዷን እንዴት እንደምትወነጭፍ ማየት ያስፈልጋል። ሕይወቷን የሚተርከው የሚክ ሳኪ ዘጋቢ ፊልም በ2011 ወጥቷል። በቤተ ክርስቲያናቸው ጊታር የሚጫወቱ ወጣቶቻችን፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ይህችን እናት ሊያውቋት ይገባል። የሊንክ ሬይን ጨምሮ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለጊታር ያበረከቱትን የሚያሳየው «ረምብል» (2017) የተባለው ዘጋቢ ፊልምም እንዲሁ የተሸፈነ ታሪክ ይገልጣል።

ወደ አልበሞች ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል፤ ለዚህም ነው የምርጦች ዝርዝር የማልወደው። ጥቂቶቹን ብቻ፣ ለምን እንደሚደመጡ እየነገርኩ ላንሣ።

ቻርሊ ክርስቲያን ይቅደም። በ1939 የቤኒ ጉድማንን ባንድ ሲቀላቀል ጊታር በትልቅ ባንድ ውስጥ ምት ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ እምብዛም አልነበረውም። እሱ ጊብሰኑን ማጉያ ላይ ሰክቶ እንደ ሳክስፎን ረጃጅም ሐረግ ተነፈሰበት። በ1942 በሳምባ ነቀርሳ ሲሞት 25 ዓመቱ ነበር። «ዘ ጂኒየስ ኦፍ ዘ ኤሌክትሪክ ጊታር» በሚል ርዕስ የተሰበሰቡት ቅጂዎች ድምፃቸው ያረጀ ነው፤ ጨዋታው ግን ትኩስ ነው። ከሱ በኋላ የዌስ ሞንትጎመሪን «ዘ ኢንክሬዲብል ጃዝ ጊታር» (1960) ማዳመጥ ነው፤ ሰውየው በመምቻ ፈንታ በአውራ ጣቱ ይጫወታል፣ ድምፁም ለዚህ ነው የለሰለሰው።

የቢቢ ኪንግ «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» በ1964 ሺካጎ ውስጥ ተቀርጾ በ1965 ወጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ቢቢ ኪንግ እየዘፈነ ጊታር አይጫወትም። አንድ ስንኝ ይዘፍናል፣ ያቆማል፤ ጊታሩ ይመልሳል፣ ያቆማል፤ ደግሞ እሱ ይቀጥላል። አዝማሪ ስንኙን ጥሎ በማሲንቆው መልስ እንደሚሰጠው ማለት ነው። አንዲቱን ድምፅ ይመታትና ክሩን ወደ ጎን እየገፋ ያጎብጣታል፣ ከዚያ የእጁን አንጓ እያራገበ ያንቀጠቅጣታል። ሕዝቡ ይጮኻል፤ ሴቶች በመሃል ይመልሱለታል። ብዙ ጊታሪስት ብዙ ድምፅ በማውጣት የሚፈልገውን እሱ በሁለትና በሦስት ድምፅ ያገኘዋል። አንድ ሰው ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ አልበም ብቻ የማዳመጥ ጊዜ ቢኖረው ይህ ይሁን።

ለኛ ጆሮ የብሉዝ ጊታር የሚቀርብበት ሌላም ምክንያት አለ። ብሉዙም የኛ ቅኝቶችም የሚቆሙት በመሠረቱ በ5 ድምፆች ላይ ነው። ሜጀሩ ትዝታ ድምፆቹ ምዕራባውያን ሜጀር ፔንታቶኒክ ከሚሉት ስኬል ጋር አንድ ናቸው። ልዩነቱ የቱ ድምፅ ላይ እንደሚታረፍና ወደ ድምፁ በምን መንገድ እንደሚደረስ ነው። አንቺሆዬ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ከመጽሐፍ የተማሩት የጣት አቀማመጥ እዚያ አያደርስም።

ሄንድሪክስን ማለፍ አይቻልም። ሦስቱም የስቱዲዮ አልበሞቹ መደመጥ አለባቸው፣ በተለይ «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» (1968)፤ እኔ ግን ከሁሉም «ባንድ ኦፍ ጂፕሲስ»ን (1970) አስቀድማለሁ፣ «ማሺን ገን» ለተባለው ቅንብር ስል። በኒው ዮርኩ ፊልሞር ኢስት በአዲስ ዓመት ሰሞን የተቀረጸ ነው፤ የቬትናም ጦርነት እየተካሄደ ነው፤ ጊታሩ እንደ መትረየስ ይንጣጣል፣ እንደ ሰው ይጮኻል። ጦርነት ያየ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይፈልግም። የፈንካዴሊክ «ማጎት ብሬይን» (1971) ርዕስ ቅንብርም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ኤዲ ሄዝል ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ ሐዘን በጊታሩ ያወጣል። የቫን ሄለን የመጀመሪያ አልበም (1978) ፍጥነት ለሚወዱ ነው፤ የመጫወቻ ስልትን የለወጠ መሆኑን አልክድም፣ ግን ከተደነቅሁ በኋላ መልሼ አልከፍተውም። ቴሌቪዥን ወደተባለው ባንድ «ማርኪ ሙን» (1977) ግን ሁልጊዜ እመለሳለሁ። እዚያ ሁለት ጊታሮች እንደ ሁለት አስተዋይ ሰዎች ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አይጮኽበትም።

ከዚያ ወደ ሰሃራ። ቲናሪወን የተባሉት የቱዋሬግ ሙዚቀኞች በስደት ካምፕ ውስጥ የተገናኙ ሰዎች ናቸው። መሪያቸው ኢብራሂም አግ አልሃቢብ ልጅ ሳለ አባቱ ተገድሎበታል፤ የመጀመሪያ ጊታሩን ከቆርቆሮ ጣሳ፣ ከዱላና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ሠራ። ካሴታቸው ከእጅ ወደ እጅ በበረሃ ይዞር ነበር። «አማን ኢማን» (2007) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያደምጣቸው ይበጃል፤ ጊታሮቹ አይጣደፉም፣ ጭብጨባው እንደ ግመል እርምጃ ይሄዳል። ከኒጀር የተነሣው ምዱ ሙክታር ደግሞ የዚህ ትውልድ ልጅ ነው፤ ግራኝ ነው፣ «አፍሪክ ቪክቲም» (2021) አልበሙ ላይ ጊታሩ ይነዳል። የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ ከራይ ኩደር ጋር የሠራው «ቶኪንግ ቲምቡክቱ» (1994) ለምሽት ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር የምዕራቡ ንብረት ነው የሚል ካለ እነዚህን ሦስት አልበሞች ይስማ።

አሁን ወደ ቤታችን። የኛ ጊታር የት ነው የሚደመጠው?

አምሃ እሸቴ በ1969 በመንግሥት ተቋም ብቸኛ ይዞታ ሥር የነበረውን የሸክላ ኅትመት ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን መሠረተ፤ እስከ 1975 ድረስ ያሳተማቸው ሸክላዎች የአዲስ አበባን ድምፅ ይዘዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደግሞ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ዲስክ ለዓለም አዳረሰው። ከተከታታዩ 4ኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ «የከርሞ ሰው» ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ላይ ካስገባው ወዲህ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው በዚህ አልበም የሚያነሣው ቫይብራፎኑንና ሳክስፎኑን ነው። ጊታሩን ለብቻው ተከታትላችሁ ታውቃላችሁ? በዋህ-ዋህ ፔዳል እየተለወሰ፣ አንዳንዴ ሻካራ ሆኖ፣ በቅኝታችን ውስጥ እንደ ልቡ ይንሸራሸራል። የጊዜው የአሜሪካ ፋንክ ፔዳል በኛ ስኬል ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚሰማበት ቦታ ይህ ነው።

የማህሙድ አህመድ «እረ መላ መላ» በ1975 በካይፋ ሬከርድስ ወጣ፤ አጃቢው አይቤክስ ባንድ ነው። በ1986 አውሮፓ ውስጥ ሲታተም የውጭ ሰው ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን የሰማበት አንዱ በር ሆነ። ይህን ሥራ እንዲህ አድምጡት። መጀመሪያ እንደ ወትሮው፣ ማህሙድን ተከትላችሁ። ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱና ማህሙድን ተዉት፤ ያ ድምፅ ይዟችሁ ሊሄድ ይታገላል፣ አትሂዱ። ቤዙን ያዙ፣ ከቤዙ በላይ ያለውን ጊታር ያዙ። አጭር ነው፣ የተቆረጠ ነው፣ ያንኑ ነገር መልሶ መላልሶ ይላል፤ ግን ሲቆም ዘፈኑ ወገቡ የሚላላ ይመስላል። በ6/8 ስልት ውስጥ ምቱን ሳይረግጥ በምትና በምት መካከል የሚገባ እጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም፤ ከውጭ መጥተው ይህን ሙዚቃ የሚሞክሩ ባንዶች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

አይቤክስ በ1976 ያለ ድምፃዊ የቀረጸው «ስቴሪዮ ኢንስትሩመንታል ሙዚቃ» በቅርብ ዓመታት ዳግም ታትሟል። ለጊታር ወዳጅ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ድምፃዊው ስለሌለ ከጀርባ የነበረው ሁሉ ወደ ፊት ይወጣል። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ነው፣ ወዳጆቹ ሰላሚኖ የሚሉት፤ ቤዙ ጆቫኒ ሪኮ ነው። ሁለቱ በኋላ በሮሃ ባንድ አብረው ቀጥለው በካሴት ዘመን የማህሙድን፣ የኤፍሬም ታምሩን፣ የነዋይ ደበበንና የሌሎችንም ዘፈኖች አጅበዋል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ያደገ ሰው የሰላምን ጊታር ሳይሰማ አላደገም፤ በታክሲ ሰምቶታል፣ በሠርግ ሰምቶታል፣ ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ ሰምቶታል። የዋሊያስ ባንድ «ጨ በለው» (1977) ላይ ጊታሩ የመሐሙድ አማን ነው፤ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ አልበም ላይ ነው ያለው፣ ዛሬም በየአገሩ ባንዶች ይጫወቱታል።

ሻካራውን ለሚወድ «ሞአ አንበሳ» (2006) አለ። የሆላንዱ ፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር የሠራው ነው። ጌታቸው ፉከራና ሽለላን በሳክስፎን ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ የዘ ኤክስ ጊታሪስቶች ደግሞ ጊታርን ለማሳመር ብለው አይነኩትም፣ ይፍቁታል፣ ያንኳኩታል፣ ያስጮኹታል። ይገጥማል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ግን ፉከራ ራሱ ለስላሳ ነገር ነው እንዴ? በዕድሜ የገፋው ጌታቸው በነዚያ ጊታሮች መካከል ሲነፋ እንደ ወጣት ይፎክራል። ጃኖ ባንድ በ2012 በቢል ላስዌል አዘጋጅነት ያወጣው «ኤርታሌ» ሌላው ሙከራ ነው፤ ከፍ ያለ የሮክ ጊታር ከአማርኛ ዘፈን ጋር። ሁሉም ዘፈን እኩል አይደለም፤ ድፍረቱ ግን መደነቅ አለበት፣ ተከታይም ቢያገኝ በወደድሁ።

ስለዚህ ሁሉ የሚነበብ ሲፈለግ የፋልሴቶ «አቢሲኒ ስዊንግ» (2001) በፎቶግራፍ የተሞላ ነው፤ ከአርመናውያኑ «አርባ ልጆች» የነፋስ ባንድ ተነሥቶ ጊታር በእጃቸው የያዙ ወጣቶች እስከቆሙበት መድረክ ይደርሳል። የሐርቫርዷ ካይ ካውፍማን ሸለመይ «ሲንግ ኤንድ ሲንግ ኦን» (2022) ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሙዚቀኞቻችንን አነጋግራ የጻፈችው ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ አንባቢ ብዙ የሚያውቀውን ስም ያገኛል። «ኢትዮፒክስ፦ ሪቮልት ኦፍ ዘ ሶል» የተባለው የፖላንዱ ማቼይ ቦህኒያክ ዘጋቢ ፊልም (2017) የአምሃ እሸቴንና የግርማ በየነን ታሪክ ከአንደበታቸው ያሰማል።

ሦስቱም የውጭ ሰው ሥራዎች ናቸው፤ ሦስቱንም አመሰግናለሁ። ሆኖም በአማርኛ የተጻፈ፣ ጊታሪስቶቻችንን ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ ያስፈልገናል። ሰላም ሥዩም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠና፣ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችንም ጥናት የጻፈ ሰው ነው፤ ከሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? መጽሐፉ ስለ ዝና እንዲያወራ አልፈልግም። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ባንዱ ምሽት ቤት ውስጥ እስኪነጋ ሲጫወት ጊታሪስቱ ምን ዓይነት ማጉያ ነበረው? ክር ሲበጠስና ከውጭ የሚያመጣ ሲጠፋ በምን ይተካ ነበር? አንቺሆዬን በጊታር ለመጫወት የትኛውን ጣት የት አስቀመጠው፣ ከክራር ነው የቀዳው ወይስ ከማሲንቆ? በካሴቱ ሽፋን ላይ ስማቸው ያልተጻፈው ጊታሪስቶች እነማን ናቸው፣ በየትኛው ዘፈን ላይ ተጫወቱ? ይህን በቴፕ ቀርጾ፣ ጣቶቹን ፎቶ አንሥቶ፣ ዘፈን በዘፈን የሚያስቀምጥ ሰው ቢነሣ፣ ከላይ ከዘረዘርኳቸው መጽሐፎች ሁሉ በፊት ሄጄ የምገዛው እሱን ነው።